አማናው በማን እጅ ነው?

 

በጋምቤላ ከተማ ልጆችን ቁርኣን ማስቀራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ ልጆቹ ሉሃቸውን ሰብስበው ሲበተኑ አንድ የማውቀው አባወራ ወደ ኋላ ቀረ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኡስታዝ፣ ባለቤቴ እርጉዝ ናት። በሁለታችንም ደም ውስጥ ቫይረሱ አለ። ልጅ መመኘታችን ወንጀል ይሆንብን ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ማንነቱን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼ ጥያቄውን ብቻ ይዤ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ኢትዮጵያውያን መካከል የኤች አይ ቪ ቫይረስ የተገኘባቸው ከመቶ 0.9 ነበሩ። በጋምቤላ ክልል ግን ከመቶ 4.8 ሆኖ ተገኘ፤ በጥናቱ ከታዩት ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። እንግዲህ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን በምንቆምበት ሶፍ፣ አብረን በምንበላበት ሠርግ ይህ ጥያቄ የሚያስጨንቀው ሰው የለም ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለሰውየው ቶሎ አልመለስኩለትም። ያሰብኩት ስለ እርሱ ሳይሆን ስለ ራሴ ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ሴቶች ከመጋረጃ ወዲያ ሆነው በሚከታተሉት ደርስ ላይ፣ ይህ በሽታ የወንጀለኞች ቅጣት ነው ብዬ ተናግሬ ነበር። በሳምንቱ አንዲት እርጉዝ እህት ከደርሱ ቀረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ በባለቤቴ በኩል መልእክት ላከችብኝ። ቫይረሱ እንዳለባት፣ ያን ቀን ከሰማችው ንግግር ወዲህ በጤና ጣቢያ በር ስትገባ መታየትን ፈርታ ክትትሏን ለወራት አቋርጣ እንደነበር ነገረችኝ። ከጎረቤት ወሬ ሁሉ የኡስታዙ ቃል ከበዳት። እኔ ያን ቀን ስለ አማና አስተምሬ ነበር! ታዲያ በማኅፀኗ የነበረው አማና በማን እጅ ነበር? በእርሷ ብቻ ነበርን?

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ለሕፃን መከራ ሊሆን የሚችል ነገር በደሙ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ልጅ መውለድ ይገባዋልን? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ነገሩን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳያውቁ ፍርድ መስጠት በደል ነውና። ምንም ዓይነት ሕክምና በሌለበት ጊዜ ቫይረሱ ካለባቸው ከመቶ እናቶች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ ለልጆቻቸው ያስተላልፋሉ። መድኃኒቱ በሚገባ ሲወሰድ ግን ቁጥሩ ከመቶ ከ5 በታች ይወርዳል። ከማርገዟ በፊት መድኃኒቱን ጀምራ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰላት እናት ደግሞ፣ እስከ መጨረሻው ከጸናችበት፣ የማስተላለፍ ዕድሏ እጅግ አነስተኛ ነው። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ቫይረሱ የተገኘባት እርጉዝ ሁሉ ሌላ መስፈርት ሳይጠበቅ ወዲያው ጀምራ ዕድሜ ልኳን እንድትወስድ ተወሰነ።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው ራሱ ተለውጧል። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን «ልውለድ ወይስ አልውለድ?» ብሎ መጨነቅ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄው «የልጁን አማና እንደሚገባ እጠብቃለሁን?» የሚል ነው። ልጅ መመኘት ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው እያወቁ፣ እየቻሉ፣ ጥበቃውን መተው ነው።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ፣ «በአላህ ከተመካሁ መድኃኒት ምን ይሠራልኛል?» ይላል። ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ጠጥታ ክኒኗን የጣለች እህት እንዳለች ሰምተን አዝነናል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ግመሎቹን ከለምለሙም ሆነ ከደረቁ የሸለቆ ዳር ያሰማራ እረኛ ሁለቱንም በአላህ ውሳኔ እንዳደረገው አስረዷቸው። በክረምት ባሮ ሞልቶ ሲፈስ በታንኳ የሚሻገር ሰውን ተመልከቱ። ዱዓ ያደርጋል፤ መቅዘፊያውን ግን አይጥልም። ዱዓውና ሩቅያው ይቀጥል፤ ክኒኑም በሰዓቱ ይዋጥ። በረመዷን የሚያስቸግር ቢመስል እንኳ፣ ለራሷ ወይም ለፅንሷ የምትፈራ እርጉዝ እንድታፈጥር ሸሪዓው ፈቅዶላታል። የመድኃኒቱን ሰዓት ለማስተካከል ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የጤና ባለሙያዋን ታማክር።

ሦስተኛው ነገር ምስጢር ነው። ሕመምን ለጎረቤት ሁሉ መንገር ማንም አልተገደደም፤ የሰውን ገመና መሸፈን የተወደደ ነው። በባልና በሚስት መካከል ግን ነገሩ ይለያል። በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ስለ ጡት ማጥባት ሲነገር፣ እናትም ሆነች አባት በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ፣ ጡት የማስጣሉም ነገር በሁለቱ ምክክር እንዲሆን ተደንግጓል። ያልተነጋገሩ ሰዎች እንዴት ይመካከራሉ? ባል ሆይ፣ ሚስትህን ለምርመራ ልከህ አንተ በር ላይ አትቅር፤ አብረህ ግባ። ከሁለት አንዳቸው ነፃ ሆነው ቢገኙ እንኳ ትዳር የሚፈርስበት ምክንያት የለም። መድኃኒቱን በሚገባ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ የሆነለት ሰው በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም፤ ነፃ ለሆነውም የመከላከያ መድኃኒት አለ። ለባሏ ለመንገር የምትፈራ እህትም ብቻዋን አትጨነቅ፤ የጤና ባለሙያዎች በምክር ይረዷታል።

አማቶችና አያቶችም ድርሻ አላችሁ። ሕፃኑ እንደተወለደ ቅቤ ማስዋጥ፣ የስኳር ውሃ ማቅመስ በብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው። እናቲቱ መድኃኒቷን እየወሰደች እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ እንድትሰጥ ስትመከር «ልጄን በረሃብ ልትገድል ነው» አትበሉ። ሌላ ምግብና መጠጥ ያለ ጊዜው ሲቀላቀል የሕፃኑን አንጀት ሊጎዳና ለቫይረሱ መግቢያ ሊከፍት ይችላል። ተህኒክም ቢሆን የተወደደ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም፤ አስቀድማችሁ ባለሙያ ጠይቁ። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ለሳምንታት የሚሰጠው ሽሮፕም አይቋረጥ። በስድስተኛው ሳምንት ይመርመር፤ ክትትሉም ጡት መጥባት አቁሞ የመጨረሻው ውጤት እስኪታወቅ ይቀጥል።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ስለ ምላሳችን ነው። ሐሜት የሟች ወንድምን ሥጋ እንደመብላት መሆኑን ሁላችን ተምረናል። የዚህ በሽታ ሐሜት ግን ገና ያልተወለደውንም ይጎዳል። ሴቲቱ ወሬ ፈርታ ክኒኗን ስትደብቅ፣ ክትትሏን ስትተው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። ያን ጊዜ አማናውን ያጎደለው ማን ነው? እናትየው ብቻ ናት የሚል ካለ፣ የእኔን ታሪክ መልሶ ያንብብ።

ለዚያ ሰው በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፦ «ወንድሜ፣ ምኞታችሁ ወንጀል አይደለም። ነገ ጠዋት ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ክትትሉ ሂዱ። ሰው ቢያያችሁም ይያችሁ።» ሕፃኑ ተወልዷል፤ የስድስት ሳምንቱ ምርመራ ነፃ ሆኖ ተገኝቷል፤ የቀረውን እየጠበቁ ነው። ለዚያች እህት በባለቤቴ በኩል አውፍታዋን ጠይቄአለሁ። ደርስ ላይ የተናገርኩትን ግን በስውር ማረም ስለማይበቃ፣ እዚያው በተናገርኩበት ቦታ፣ መጋረጃው ወዲያ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተሳስቼ ነበር አልኩ። የቀረችው ቦታዋ ላይ ተመልሳ ትቀመጥ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አላህ የተሰጠንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።