የአንድ ዘመቻ መድፍ

ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ የተሠራ የእሽቅድምድም መኪና ዘመኑ ሲያበቃ ከትርኢት ያለፈ ተግባር አይኖረውም። ታዲያ የፈሰሰበት ዕውቀትና ላብ የሚመዘነው በድሉ ነው ወይስ በሥራው? ጥያቄው ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም፤ መነሻው ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከጋፋት ነው።

በጋፋት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ጉዞ ተጀመረ። ሠራዊቱ አለት እየፈለጠ፣ መንገድ እየጠረገ፣ በጂዳና በበሽሎ ገደሎች አድርጎ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀበት። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በእጃቸው ሠርተዋል። ሆኖም መድፉ ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ የተደረገውን ውጊያ ዕጣ አልለወጠም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን መንገዱ ነው። ለመድፉ በተጠረገው የጂዳ ቁልቁለት የናፒየር ጦር ተረማመደበት! ሥራን በውጤቱ ብቻ የሚመዝን ሰው፣ ያ ሁሉ ድካም ለጠላት ተደከመ ለማለት ይገደዳል፤ ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው። በአንጻሩ ላቡ ብቻውን ክቡር ነው የሚል ወገን ላቡ በግዴታ የፈሰሰ መሆኑን ይዘነጋል፤ ባለሙያዎቹ እንደ ልባቸው ወደ አገራቸው መመለስ አይችሉም ነበር።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ ምስሉም በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የጠፋው ምድጃው ነው። ንጉሡ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጠሉ፤ ጋፋትም ከዚያ በኋላ መድፍ አላቀለጠችም።