ዶ የት አለ?

ትሬስ በስፓኒሽ ሦስት ማለት ነው። ከምሥራቅ ኩባ የወጣው ይህ ጊታር መሳይ መሣሪያ ስድስት አውታር አለው፤ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚቃኙ እጅ የሚያገኘው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። የተለመደው ቅኝት ሶል፣ ዶ፣ ሚ ነው። ምንም ሳትይዙ ብትመቱት የዶ ሜጀር ኮርድ ይሰጣችኋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የዶ ዘጠነኛ ኮርድ አምስት ድምፅ አለው፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል፣ ሬ። አምስቱ ሦስት ቦታ ላይ እንዴት ይቀመጣሉ? ስጀምር መልሱ ፍጥነት መስሎኝ ነበር። አርፔጆ ድምፆችን በተራ ስለሚያሰማ፣ ሮጬ አምስቱንም ካዳረስኩ ኮርዱ ይሟላል ብዬ ለሳምንታት ጣቶቼን አደከምኩ። የወጣው ነገር ደረጃ ላይ የሚንከባለል ጣሳ ይመስል ነበር። የሚያስተምረኝ ሰው ሰምቶኝ ሲያበቃ «ሶልን ተወው» አለኝ። ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ «ዶንም ተወው» አለ። እዚህ ላይ ተከራከርኩ። የዶ ኮርድ ያለ ዶ?

የቀሩት ሚ፣ ሲ ቤሞልና ሬ ናቸው። የሶሉን ጥንድ ሦስተኛው ፍሬት ላይ፣ የዶውን ሁለተኛው ላይ መያዝ፣ ሚን መልቀቅ፤ ሁለት ጣት ይበቃል። ቤዙ ከሥር ዶ ሲል ኮርዱ ዘጠነኛ ነው። ወደ ሶል ቢወርድ ግን፣ ጣቶቼ ሳይነቃነቁ፣ የሶል ማይነር ስድስተኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሚ ቢል ደግሞ ሌላ ስም ያወጣል። ታዲያ እኔ የያዝኩት ምንድን ነው?

አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው ሥራው 11ኛ መጽሐፍ፣ መዝሙር በቃሉ የሚደግም ሰው ዘንድ ያልተባለው በመጠበቅ፣ የተባለው በማስታወስ ውስጥ እንደሚኖር ጽፏል። ለአርፔጆ ግማሽ መልስ ይሆናል፤ አልፈው የሄዱትን ድምፆች ጆሮ አከማችቶ ኮርድ ያደርጋቸዋል። የእኔ ዶ ግን ከተመቱትም ሆነ ተራ ከሚጠብቁት ጋር የለም። ያለው ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። ሶን በሚባለው የኩባ ዘፈን ደግሞ ቤዙ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለውን ኮርድ መሠረት አንድ ምት ቀድሞ ይናገራል። እኔ ስደርስ ዶ ተብሎ አልቋል።

የክራር ግርፍ ለሚያውቅ ይህ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ቀኝ እጅ ሁሉንም ይገርፋል፣ ግራ እጅ የማይፈለገውን ያፍናል። ሆኖም የታፈነው አውታር እዚያው ጣት ሥር ነው፤ እኔ የተውኩት ዶ ግን ጣቴ ሥርም የለም።

ዓይነ ስውሩ ትሬስ ተጫዋች አርሴኒዮ ሮድሪጌስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባንዱ ውስጥ ፒያኖና ኮንጋ አስገብቶ ትራምፔቶቹን ሲያበዛ ትሬሱን ከመሃል አላወጣም። ፒያኖ አምስቱንም ድምፅ ብቻውን ሊል ይችላል። ትሬስ ዋጋው ሁሉን በማለቱ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ በጡረታ ይሰናበት ነበር። ደግሞስ ሁሉን ማለት ምን ይጠቅማል? አሥራ ሦስተኛ ኮርድ ሲሟላ ሰባቱንም የስኬል ድምፆች ይይዛል፤ እንዲህ ያለ ኮርድ ከስኬሉ የሚለየው በአደራደር ብቻ ነው።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ በእጄ ላይ ያለው ኮርድ አይደለም፣ ለኮርድ የማዋጣው ድርሻ ነው። መምህሬ ግን እስካሁን «የዶ ዘጠነኛን ያዝ» ነው የሚለኝ፤ እኔም እይዛለሁ።

ትሬስ ባይኖራችሁም ጊታር ያላችሁ ሞክሩት። ከቀጭኑ ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ሦስተኛውንና ሁለተኛውን አውታር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያዙ፣ አንደኛውን ልቀቁት። በመጀመሪያ አምስተኛውን አውታር እዚያው ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ከሥር ምቱ፤ ቀጥሎ እሱን ትታችሁ ስድስተኛውን። የላይኞቹን ሦስት አያያዝ ግን አትለውጡ።