ከክዳኑ ሥር ያለው አማና

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት እመክራለሁ።

ባለፈው ረመዳን በተራዊሕ መካከል መብራት ሄደ። የመስጂዱን ትንሽ ጄኔሬተር አወጣን፤ ገመዱን ብንስብ ብንስብ እምቢ አለ። በማግስቱ የወሰድንለት ጠጋኝ አንድ ብሎን ሳይፈታ «ጥቅሉ ተቃጥሏል» ብሎ የአዲስ ግማሽ ዋጋ ጠየቀን። ጥቅል የሚጠረጠረው ሞተሩ እየሠራ መብራት ሲጠፋ ነው፤ የእኛ ግን ጭራሽ አልተነሳም። ሌላ ወጣት የካርቡሬተሩን ሥር ፈታ። ወራት የተኛ ቤንዚን እንደ ሙጫ እየተሳበ ወረደ። የነዳጁን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጠረገ፣ እፍ አለበት፣ ገመዱን አንዴ ሳበ፤ ተነሳ። የሻይ ብቻ ተቀበለን። የመጀመሪያውም ሙያ አላነሰውም ነበር፤ ያነሰው አማና ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ከተው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መታው ቢል፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም ነገሩት። ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ተዘግቧል።

የዛሬው እርጥብ እህል በጄኔሬተር ጥቅል ውስጥ ያለው፣ መዳብ የሚመስል ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ሽቦ ነው። በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ይወጣል። አሉሚኒየም በራሱ ሐራም አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ አቅም ለሌለውም ይደርሳል። ሐራሙ «ንጹሕ መዳብ ነው» ብሎ መሸጡ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 3 ኪሎዋትም ብዙ ጊዜ ለአፍታ ብቻ የሚሸከመው ነው። በዚያ ላይ ሞተር ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ለእንጀራ ምጣድ ይበቃል ብሎ ለእናት ከሸጠ ምን ብሎ ይመልሳል?

ገዢዎችም አማና አለብን። የአዲስ ሞተር ዘይት ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ሥራ በኋላ ይቀየራል፤ እኛ ግን እስኪነክስ ነድተን «የቻይና ነው» እንላለን። ክረምቱን የምታስቀምጡት ከሆነ ቤንዚኑን አፍስሱት።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይቆይም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስዳል። ሌባ ፈርታችሁ ጄኔሬተሩን ኮሪደር ወይም ሱቅ ውስጥ የምታስነሱ፣ ዛሬ ማታ መብራት ቢሄድ ከቤት አርቃችሁ ደጅ አውጡት፤ በሰንሰለት እሰሩት።