ስምና ባለስም

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እስቲ መቃብሩን እንተወውና፣ ሰው በቁም ሳለ ስሙ የት ነው የሚቀመጠው? ባለቤቱ ዘንድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የኔ ስም ያለው በጎረቤቴ፣ በባለሱቁ፣ በቀድሞ ተማሪዎቼ አፍ ውስጥ ነው። እኔ እሠራለሁ፤ እነሱ ይይዙልኛል።

ይህን የቆየ ጥያቄ ሰሞኑን የቀሰቀሰብኝ ፍልስፍና ሳይሆን ንግድ ነው። ማስታወቂያ በኢሜይል የሚልኩ ሰዎች የላኪ ስም የሚሉት ነገር አላቸው። መልእክቱ ከወዳጅ ደብዳቤ ጎን ይቀመጥ ወይስ ስፓም ወደሚባለው ጓዳ ይወርወር የሚለውን በአመዛኙ የሚወስነው ይኸው ስም ነው። መዝገቡን የሚይዘው ማሽን ነው። ስንቱ ሰው ከፍቶ አነበበ? ስንቱ ሳያየው ሰረዘ? ስንቱስ ስፓም ነው ብሎ ከሰሰ? እያለ ይቆጥራል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ ላኪው ነኝ ያለውን ስም እንዳለ ይቀበል ነበር። አንተ ማነህ? የሚል ዘበኛ አልነበረውም። መንደሩ ትንሽ፣ ነዋሪው የሚተዋወቅ ስለነበረ ይሆናል። ያም ሆኖ አስቀድሞ በ1978 አንድ የኮምፒውተር ሻጭ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በዚያን ጊዜው መረብ ልኮ አስቆጥቷቸዋል። በ1994 ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን ጠበቆች፣ እኛ ዲቪ በምንለው ዕጣ እናግዛችሁ የሚል ማስታወቂያ በሺህ በሚቆጠሩ የመወያያ ሰሌዳዎች ላይ በተኑ።

የኛ አበው አፍላጦን የሚሉት ፕላቶ፣ በ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ ግላውኮን በሚባል ሰው አንደበት ስለ አንድ እረኛ ቀለበት ይነግረናል። እረኛው ቀለበቱን ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል፤ ከተሰወረ በኋላ ደግሞ ንጉሡን እስከ መግደል ይደርሳል። ስሙ የማይመረመር ላኪም ይህን ቀለበት ያጠለቀ ነበር። አሁን ቀለበቱ እየወለቀ ነው። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በጅምላ የሚልኩ ሁሉ ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ፣ አልፈልግም የሚል ሰው በአንድ ጠቅታ የሚሰናበትበትን መንገድ እንዲያበጁ፣ የስፓም ክሳቸውም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን አዘዋል። ከሺህ ሰው 3ቱ ካማረሩ ጉድ ፈላ ማለት ነው።

ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ይህ ማሽን የያዘው ይሉኝታ ነው። እኛ ይሉኝታን የዕድገት ጠር ነው እያልን ስንወቅሰው ኖርን፤ መሐንዲሶቹ ደግሞ በቁጥር መልሰው ሠሩት። እኔ አልቃወምም። ይሉኝታ ያለው ሻጭ ከሌለው ይሻላል።

ይሁን እንጂ ግላውኮን ቀለበቱን ነግሮን ብቻ ዝም አላለም። እስቲ ሁለት ሰዎች አቁሙልኝ ይላል፤ አንዱ ደግ ሆኖ ስሙ የከፋ፣ ሌላው ክፉ ሆኖ ስሙ ያማረ። ሁለቱንም ዛሬ በኢሜይል ዓለም እናገኛቸዋለን። አዲስ የተቋቋመ ትንሽ ድርጅት ምንም ሳያጠፋ፣ ስም ስለሌለው ብቻ ይጠረጠራል። በቀን ጥቂት ጥቂት እየላከ እስኪታመን መጠበቅ አለበት። አቅም አንሶት ከሌሎች ጋር አንድ ሰርቨር ከተጋራማ፣ የጎረቤቱ ኃጢአት ለሱም ይተርፋል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የምትባለዋ ሳትሆን፣ ፈሱን ሳትማር የምትወቀሰዋ ጊደር ይሆናል። በአንጻሩ ስሌቱን ያወቀ ሻጭ ደብዳቤውን የማይከፍቱትን ከዝርዝሩ ያወጣል። አክብሯቸው ይመስላችኋል? አንዳንዱ ያከብራል፤ አንዳንዱ ግን ቁጥሩን ስለሚያበላሹበት ነው። በማሽኑ መዝገብ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ታዲያ መልካም ስም ምኑን ያረጋግጣል? ብዙ ሰው አለመክሰሱን ነው። አለመክሰስ ደግሞ መውደድ አይደለም። ሰልችቶት የተወው አለ፤ የመክሰሻውን ቁልፍ የማያውቅ አዛውንት አለ። ሕግ አውጪዎችም እዚህ ላይ ተለያይተዋል። የአሜሪካው የ2003 ሕግ ተቀባዩ በቃኝ እስኪል መላክን ይፈቅዳል። የአውሮፓው የ2002 መመሪያ ግን በመርሕ ደረጃ አስቀድመህ አስፈቅድ ይላል። የኛም ሰው፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ሲል የሚነቅፈው ያንን የመጀመሪያውን ጠባይ ነው።

የኢሜይል ሻጮች አማካሪ የሚያስተምራቸው እንዴት እንደሚገባ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ የሚሸጥ ሰው መሰማት ይፈልጋል። ግን ከ«እንዴት ልግባ?» በፊት «ልግባ ወይ?» የሚል ሌላ ጥያቄ አለ። ለፊተኛው ማሽኑ መልስ ይሰጣል። ለኋለኛው የሚመልሰው፣ ማንም ባይቆጥርብኝ ኖሮስ ይህን እልክ ነበር? ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። ከሺህ ሰው 2ቱን ያስቀየመ ላኪ በማሽኑ ዘንድ ወሰኑን አላለፈም። በሁለቱ ሰዎች ዘንድ ግን አልፏል፤ ስሙም ያለው እነሱ ጋ ነው።