መጽሐፉን አላነበብኩትም ነበር

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት ጎረቤቴ ያዋሰኝን መጽሐፍ ሊወስድ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?» ሲል ጠየቀኝ። «ማሻአላህ፣ በጣም ጥሩ ነው» አልኩት። እውነቱ ግን ከ12ኛው ገጽ አላለፍኩም ነበር። ልጁ ደስ ብሎት ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ሲያጫውተኝ እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥሁት። ከሄደ በኋላ በሩን ዘግቼ ብቻዬን አፈርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የመጽሐፍ ወዳጅ ነኝ፤ ሰፈሩም በዚሁ ያውቀኛል። ይሁንና ከጊዜ በኋላ ማንበብ አቃተኝ። መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ ዓይኔ በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ልቤ ግን የለም። አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ደጋግሜው ምን እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ሞባይሌን አነሳለሁ፤ ሌሊቱም ይጋመሳል።

ለመሆኑ ይህ ጥፋት ነው ወይስ ድካም? ሰው ማንበብ ስላቃተው ሊወቀስ ይገባዋልን? አንዳንዱ «ስንፍና ነው፣ ነፍስያህን አስገድዳት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተወው፣ በራሱ ጊዜ ይመለሳል» ይላል። ሁለቱንም ሞከርኳቸው። ሳስገድዳት መጽሐፉን ጠላሁት፤ ስተወው ደግሞ መተዉ ራሱ ልማድ ሆነብኝ።

ዐብደላህ ኢብን ዐምር ባስተላለፉት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለማንኛውም ሥራ የትጋት ጊዜ እንዳለው፣ ከትጋቱም በኋላ መቀዛቀዝ እንደሚከተል፣ ቁም ነገሩም ሰው በተቀዛቀዘ ጊዜ ወዴት እንደሚያዘነብል መሆኑን አስተምረዋል። መቀዛቀዙ በዐረብኛ «ፈትራ» ይባላል። እንግዲያው መቀዛቀዝ በራሱ የሰው ተፈጥሮ ነው፤ የሚያስጠይቀው በዚያ ጊዜ የምንሠራው ነገር ነው።

በዚህ ረገድ የኢማም አል-ገዛሊ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በ1058 እ.ኤ.አ. በጡስ የተወለዱት እኒህ ዓሊም በ1091 የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ተሾሙ። በ1095 ግን ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ደርስ መስጠት አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞቹ ሕመሙ ከልብ የመነጨ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ይህንን ራሳቸው «አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል» በተባለው ኪታባቸው ጽፈውታል። በዚያው ዘመን ኒያቸውን ሲመረምሩ በማስተማራቸው ውስጥ የክብርና የዝና ፍላጎት እንዳለበት አገኙ። ሹመቱን ትተው ወደ ሻም ሄዱ። ወደ ማስተማር የተመለሱት ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው በኒሻፑር ነው።

በጣም የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ ከባግዳድ ሲወጡ ወደ መካ እንደሚሄዱ ለሰው ተናግረው፣ በልባቸው ግን ሻምን አስበው እንደነበር ሳይደብቁ መጻፋቸው። እኒያ ታላቅ ዓሊም የደበቁትን ለሁላችንም በቀለም ሲገልጡ፣ እኔ ለአንድ የጎረቤት ልጅ «አላነበብኩትም» ማለት አቃተኝ!

ራሴን ከኢማሙ ጋር ላወዳድር አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። ሆኖም እኔም ለምን እንደማነብ ራሴን ጠየቅሁ። ወላሂ፣ መልሱ አላስደሰተኝም። ካነበብኩት ግማሹን ያነበብኩት «አንባቢ ነው» እንድባል ኖሯል። ስሙ ከተገኘ በኋላ ንባቡ ቢቆምም ስሙን ማጣት አልፈለግሁም። ውሸቱንም የወለደው ይኸው ነው። ልጁ ከእኔ የፈለገው ውዳሴ አልነበረም፤ ያነበበውን የሚወያይበት ሰው ነበር የፈለገው። እኔ ግን ያንን ነፈግሁት።

በማግስቱ ቤቱ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔም መሐሉን ዘልዬዋለሁ» አለኝ። መጽሐፉን መልሶ ሰጠኝና አብረን ከመጀመሪያው ልናነበው ተስማማን።

በወሎ የቂርኣት ቦታዎች ደረሳው በአንድ ቀን ኪታቡን ልጨርስ አይልም። ጥቂቷን ደርሱን በሸይኹ ፊት ይቀራና ከጓደኞቹ ጋር ሙጣለዓ ያደርጋል። አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሳዋል፤ ያልገባውም አልገባኝም ለማለት አያፍርም። እኔም ከሱብሒ ሰላት በኋላ ሁለት ገጽ ብቻ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ሞባይሉ በሌላ ክፍል ይቆያል። ሐሙስ ማታ ልጁ ይመጣና እንወያያለን። አላህ ዘንድ ከሥራዎች ሁሉ ተወዳጁ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን በሐዲስ ተምረን የለ?

ስለዚህ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። ልቡ የደከመን ሰው አንውቀስ፤ ድካሙን የሚሰጥ የሚነሳውም አላህ ነው። ወቀሳው ድካሙን በውሸት ለሚሸፍንና ከድካሙ ጋር ተስማምቶ ለሚኖር ነው። ያላነበበ ሰው «አላነበብኩም» ካለ መመለሻ መንገድ አለው። አነበብኩ ብሎ የዋሸ ግን መንገዱን በገዛ እጁ ይዘጋዋል፤ አንብቦ የጨረሰ ሰው ምን ብሎ እንደገና ይጀምራል?

ዛሬ 64ኛው ገጽ ላይ ነኝ። ብዙ አይደለም፤ እውነት ግን ነው። አላህ ለሁላችንም ጠቃሚ ዒልምና ቅን ኒያ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።