ዕንቅፋትን ስለ ማንሣት

አንባቢ ሆይ፤ በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነትም ቡና በሚለቀምበት ወራት መንገዱን ተመልክተህ እንደ ሆነ፥ ከየገጠሩ ስንቃቸውን ተሸክመው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመጡትን ወጣቶች ሳታይ አልቀረህም። ቤት ተከራይተው፥ ምግባቸውን ራሳቸው አሰናድተው ይማራሉ። በደኅና እግር የሚሄደው ይህን ያህል ከደከመ፥ በምርኩዝ የሚሄደው፥ ዐይኑ የማያየው፥ ጆሮውም የማይሰማው ተማሪ ድካሙ እንዴት ያለ ይሆን?

አንዲት ልጅ እናስብ። በምርኩዝ እየሄደች በገጠር ስምንተኛ ክፍልን በመልካም ውጤት ፈጸመች። አባቷ ቡናውን ሽጦ የቤት ኪራይ ከፈለላትና ወደ ከተማ መጣች። የዘጠነኛ ክፍል መማሪያዋ ግን በፎቅ ላይ ሆነ። ጓደኞቿ አዝነውላት ደግፈው ያወጧታል፤ በበዓል ቀንም ገንዘብ ያዋጡላታል። ነገር ግን መጸዳጃ ቤቱ ሩቅና ባለ ደረጃ ስለ ሆነ፥ ከጧት ጀምራ ውሃ አትጠጣም፤ ይህንም ለማንም አትናገርም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የጓደኞቿ ሐዘኔታ ይበቃልን? ማዘን መልካም ነው፥ አንነቅፈውም። ነገር ግን የሚያዝን ሰው ባዘነ ቀን ይሰጣል፥ ባላዘነ ቀን ይተዋል። የሚደግፋት ልጅ በታመመ ቀን እርስዋ ከትምህርት ትቀራለች። ሌላው ተማሪ ወደ ክፍሉ ለመግባት ማንንም አይለምንም፤ እርስዋ ግን በየቀኑ ትለምናለች።

የሙሴ ሕግ በዐይነ ስውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ከልክሏል። አንድ ሰው፦ «እኔ ዕንቅፋት አላኖርሁም፤ ደረጃውን የሠራው ሌላ ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ዕንቅፋቱን አይቶ፥ ለማንሣትም ኃይል ሳለው፥ በየጧቱ አልፎት የሚሄድ ሰው፥ ካየበት ቀን ጀምሮ ዕንቅፋቱ የእርሱም ሆኗል።

የሀገራችንም ሕግ ይህን ነገር ለርኅራኄ ብቻ አልተወውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፥ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ፥ የሚመችም መጸዳጃ እንዲኖረው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ24ኛው አንቀጹ፥ አካል ጉዳተኛ ልጅ በሚኖርበት ሕዝብ መካከል ከሌሎች ጋራ ተካቶ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ደረጃ እንዲማር ይላል። አዋጅ ግን ብቻውን ደረጃን አይንድም፤ የሚፈጽመው ሰው ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር፥ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ይመልከት። በአምስት ዓመታቸው የዐይናቸውን ብርሃን አጡ፤ በሻሸመኔ በዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመሥራታቸውም በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን ልጅቱ እንደ እርሳቸው ባትታወቅም እንኳ መቀመጫዋ ይገባታል። ከሌሎቹ ተማሪዎች ማንኛቸውን ዝነኛ ትሆናለህ ብለን አስቀመጥነው?

ስለዚህ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆይ፥ ክፍሏን ከፎቅ ወደ ምድር አውርድ፤ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። መምህር ሆይ፥ በሰሌዳ የምትጽፈውን ለማያየው ተማሪ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ፤ ለማይሰማውም ፊትህን ወደ እርሱ መልሰህ አስተምር። ወላጅ ሆይ፥ ልጅህን በጓዳ አትሸሽግ። ተማሪም ሆይ፥ ጓደኛህን ከመሸከምህ በፊት «ምን ይመችሃል?» ብለህ ጠይቀው፤ ምናልባት የሚሻው ተሸካሚ ሳይሆን አብሮት የሚያጠና ወዳጅ ይሆናል።

ያች ልጅ ማንንም ሳትለምን ክፍሏ ገብታ የተቀመጠች ቀን፥ ሳትፈራም ውሃ የጠጣች ቀን፥ ያን ጊዜ ጎረቤቶቿ ሆንን ማለት ነው።