ፋቂና ገልባጭ

አንድን ዕቃ «የእኔ ነው» ስንል እስከ ምኑ ድረስ ነው የእኛ የሚሆነው? ጥያቄው የፈላስፋ ቢመስልም አቃቂ ገበያ አካባቢ ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ወዳጄን በየዕለቱ ያጋጥመዋል።

ላፕቶፕ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ነው። መቀመጫውም ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ያላት ቺፕ ናት። ወዳጄ ባትሪውን ነቅሎ፣ ቺፗን በመቆንጠጫ ይዞ፣ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ይገለብጣል። አንዴ አይበቃውም፤ ሁለቴ ገልብጦ ያስተያያል። ሁለቱ ግልባጮች በአንዲት ነጥብ ቢለያዩ መቆንጠጫው አልያዘም ማለት ነውና አንዳች አይጽፍም። ባዮሱ የተበላሸ ላፕቶፕ ስክሪኑ እንደጠቆረ ይቀራል። ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. አንድ የታይዋን ተማሪ የጻፈው ሲአይኤች የተባለ ቫይረስ የብዙ ኮምፒዩተሮችን ባዮስ ደምስሶ ይህንኑ ለዓለም አሳይቷል።

ግልባጩ በእጅ ካለ ታዲያ ያሻንን ብንለውጥ ምን ቸገረን? በከፊል እስማማለሁ። አንዳንድ አምራቾች የተፈቀዱ የዋይፋይ ካርዶችን ዝርዝር ባዮሱ ውስጥ ይጽፋሉ፤ ሌላ ካርድ የገባበት ላፕቶፕ አልነሣም ይላል። ገንዘቡን ተቀብሎ የሄደ ሻጭ በዕቃዬ ላይ የሚያዝበት ምክንያት አይታየኝም። ያንን ዝርዝር የሚፍቅ ሰው በእኔ ዳኝነት ነጻ ነው።

ነገር ግን በዚያችው ቺፕ ውስጥ የላፕቶፑ መለያ ቁጥር ይገኛል። ከሥር የተለጠፈው ወረቀት ቢላጥ እንኳ ባዮሱ ማንነቱን ይናገራል።

አባቶቻችን ይህን ነገር በብራና ያውቁታል። ብራና ይፋቃል፣ ሌላ ይጻፍበታል። የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላው የገባባቸው የግዕዝ መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። ጸሐፍቱም በየመጻሕፍቱ ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን አንድ ላይ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛሉ። ልብ በሉ፤ ገልባጩን አላወገዙትም። እሱማ የሙያ ባልደረባቸው ነው!

ፋቂው ሁሉ ክፉ አሳቢ ነው አልልም። የባዮሱ ግልባጭ የሌለው ጠጋኝ ከሌላ ላፕቶፕ የተወሰደውን እንዳለ ይጭናል፤ ማሽኑ ይነሣል፣ ግን የማያውቀውን ሰው ቁጥር ይዞ። ወዳጄ እንዲህ ሲገጥመው የራሱን ቁጥር ፈልጎ ይመልስለታል።

የማንስማማው በፓስወርዱ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው የቀድሞው መሥሪያ ቤት የቆለፈውን ክፈትልኝ ብሎ ይመጣል፤ ደረሰኝ አልያዘም። ወዳጄ፣ «ደረሰኝ የሌለው ሁሉ ሌባ ነው እንዴ? ቁጥሩን እስካልነካሁ ድረስ ባለቤቱ ይደርስበታል» ይላል። እኔ ደግሞ የተሰረቀ ከሆነ በተከፈተ ማግሥት ይሸጣል፣ ቁጥሩንም ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቀዋል እለዋለሁ። እሱ እስካሁን ይከፍታል፤ እኔም እስካሁን እከራከረዋለሁ።